እርኩሙን ማን አየው?

አሶሳ ዳር ዳሩን ግቢ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በግ የታረደ ቀን ጥንብ አንሳ የማንጎው ዛፍ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ሲለሰልስ ደግሞ እርኩም ከነቤተሰቡ እየተንጎማለለ ከማሳው ወደ ጓሮ ይጠጋል። አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ሁለት ቀን ይሳቅበታል፣ ከዚያ ይረሳል።

እኔ ግን ያ ፎቶ ባይረሳ ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት እስቲ 250 ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ላማልሞ ላይ ያጋጠመውን ይተርካል። አሽከሮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ አቅርበው ሊበሉ ሲሉ አንድ ግዙፍ ወፍ መጣና ሥጋውን በእግሮቹ አንጠልጥሎ ሄደ። ወፉ ጣዕሙን ለምዶ ሲመለስ ብሩስ በጠመንጃ ጣለው። ከዚያ ለካው፣ መዘነው፣ «ንስር ወርቅ» ብሎም መዘገበው። ዛሬ የወፍ አጥኚዎች ያ ወፍ አጥንት ከአለት ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ጢማሙ አሞራ እንደሆነ ይናገራሉ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ወፍ «አየሁ» ለማለት መግደል የግድ ነበር። አስከሬኑ ከሌለ ማን ያምናል?

ብሩስ እርኩምንም መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፤ ያውም በአማርኛ ስሙ፣ «እርኩም» ብሎ። ወፉ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 4 ኪሎ ገደማ ነው። መብረር ቢችልም መሄድ ይመርጣል። ሆላንዳዊው ፒተር ቦዳርት እ.ኤ.አ. በ1783 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «አቢሲኒከስ» አለው። ወፉ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ ይኖራል፤ በስሙ ላይ የቀረው አገር ግን የኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር። ወጣት ነው፣ ሥራው ሥዕል ነው። የጉዞው ካሜራ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ዕፅዋቱንና እንስሳቱን እየሳለ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ አገሩ ሲገባ ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረባቸው። ይባስ ብሎ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ዓባይ ከተደረገው ጉዞ በፊት የሞተ አስመሰለው። የዓባይን ምንጭ ያየሁት አውሮፓዊ እኔ ብቻ ነኝ ለማለት እንዲመቸው ነው። የባሉጋኒ እጅ ተለይቶ የታወቀው ቆይቶ፣ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ነው። ዛሬ ሥዕሎቹ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ባሉጋኒ እንኳ ወረቀት ትቶ ነበርና በስተመጨረሻ ስሙ ተመለሰ። ለብሩስ «ይሄ እኮ እርኩም ይባላል» ብሎ የነገረውስ ሰው? ቃሉ መጽሐፍ ገባ፤ ተናጋሪው ቀረ።

ብሩስ ሲመለስ በስናር በኩል አለፈ እንጂ ቤኒሻንጉልን አልረገጠም። እ.ኤ.አ. በ1898 እና 1899 ግን ሎርድ ሎቫትና ዌልድ ብለንደል ያሉበት የእንግሊዞች ጉዞ ከበርበራ ተነሥቶ በሸዋ አድርጎ ወደ በርታ አገር ወረደ፤ ዓባይን ይዞም በሱዳን በኩል ወጣ። ራስ መኮንን ዘምተው ቤኒሻንጉልን በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ካስገቡ ገና ብዙ አልቆየም። ተጓዦቹ በየመንገዱ ወፍ እየገደሉ፣ ቆዳውን እያደረቁ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ወሰዱ። ዝርዝሩም እ.ኤ.አ. በ1900 «አይቢስ» በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ወጣ።

የሙዚየም ወፍ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ይታሰርበታል። ዝርያው፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፍበታል። መንገድ ለመራው፣ «ያውና» ብሎ በጣቱ ላሳየው ሰው ግን ቦታ የለውም። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይሄ ወረቀት ዳታቤዝ ሆኖ ይታየኛል። ዓምድ ያልተሠራለት መረጃ አይገባም፤ ያልገባ ደግሞ በኋላ ቢፈለግ አይገኝም።

ጠመንጃውን ቀስ በቀስ የተካው ካሜራ ነው። ቼሪ ኪርተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበት የወፍ ጎጆ ፎቶ አነሣ። እሱና ወንድሙ ሪቻርድ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ብለው በበሬ ቆዳ ከተሠራ ሐሰተኛ በሬ ውስጥ እስከ መደበቅ ደርሰዋል። ጓሮ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። መስኮቱ ራሱ መደበቂያው ነው፤ ወፎቹም ቤቱን ለምደውታል።

ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ ኢትዮጵያንና ኤርትራን በግማሽ ዲግሪ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው የትኛው ወፍ የት እንደታየ የሚያሳይ አትላስ አወጡ። አንዱ ማዕዘን በየአቅጣጫው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ላይ ነጥብ የሚያርፈው ወፍ ባለበት ሁሉ አይደለም፤ ወፉን አይቶ የመዘገበ ሰው ባለበት ነው። ወፍ ተመልካች ቱሪስት ደግሞ የሚሄደው ባሌ፣ ስምጥ ሸለቆና ሰሜን ተራሮች ነው። ወደ ምዕራቡ ቆላ የሚዘልቀው ጥቂት ነው።

በዚህ መሀል ወፎቹ እየቀነሱ ነው። በየከተማው ቄራ አካባቢ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ መዝገብ «እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ» ውስጥ ገብቷል፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት መርዝ ነው። እርኩም እ.ኤ.አ. በ2018 «ለመጥፋት የተጋለጠ» ተብሏል። ጎጆው የትልቅ ዛፍ ፍንፍን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎጆ አንድ ጫጩት ብቻ ነው የሚያድገው። ትልልቁ ዛፍ ሲቆረጥ የሚተካው የለም። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰው «እርኩም አሶሳ አካባቢ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከመልሱ ግማሹ ዛሬ እኛ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።

ችግሩ ፎቶው ወረቀቱን እየጣለ መሄዱ ነው። ስልካችሁ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከፈቀዳችሁለት ቦታውንም ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ግን ምስሉ ይጨመቃል፣ ያ መረጃም ይወገዳል። እንደ ፋይል ላኩት፣ ይቀራል። ኢበርድ ወይም አይናቹራሊስት ላይ ስትጭኑት ደግሞ ሰዓቱን አስተውሉ፤ የኛ ጠዋት 1 ሰዓት እነሱ ጋ 7 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው። የቤታችሁን ትክክለኛ ቦታ ማሳየት ካልፈለጋችሁ አይናቹራሊስት ቦታውን እንዲያደበዝዝ ማዘዝ ይቻላል። ጎጆ ካገኛችሁማ አደብዝዙት።

ሲያነሡም ጉሮሮውን ማግኘት ጥሩ ነው። የወንዱ እርኩም ጉሮሮ ቀይ አለበት፣ የሴቷ ሰማያዊ ነው። ስንት ሆነው እንደመጡ ቁጠሩ፤ ጫጩት አብሯቸው ካለ ጻፉ። አታባሩት፣ ለፎቶ ብላችሁም ሥጋ አትጣሉለት።

አስተያየት መጻፊያው ላይ ደግሞ ጎረቤታችሁ ያሉት እናት ወፉን በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጨምሩ። ከፈቀዱ፣ ስሙን የነገሩን እሳቸው ናቸው ብላችሁ ጻፉ። ከሥር የራሳችሁንም ስም አትርሱ።