ጥሪው በማን በኩል ደረሰ?

በመጪው ዓመት የበጀት ረቂቅ ላይ ስንነጋገር ለወጣት ሴቶች የሙያ ሥልጠና ከተያዘው ገንዘብ ውስጥ «የቤት ለቤት ጉብኝትና መስተንግዶ» የሚለው ርዕስ እንዲቀነስ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ በቅንነት የመጣ ነው፤ ገንዘቡ ተጨማሪ የልብስ ስፌት መኪና ይግዛበት የሚል ነው። ሒሳቡን የምይዘው እኔ በመሆኔ መልስ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ከደረሰኝ መዝገብ በፊት ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ሴት ልጅን ወደ ሥልጠና ለማምጣት ምን እንዳደረጉ ማወቅ ፈለግሁ።

በዘውዱ ዘመን ትምህርቱ ካለበት ቦታ ሆኖ ልጅቷን ይጠብቅ ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት ለአገሪቱ ሴቶች ትልቅ በር ነበር። በኋላም የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ማንበብና መጻፍን ከእጅ ሥራ ጋር አስተምሯል። እነዚህን ሥራዎች ማሳነስ ነውር ነው። ቢሆንም ከቦንጋ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጅማ እንኳ በዚያ ዘመን መንገድ ቅርብ አልነበረችም። ሴት ልጁን ለትምህርት ያን ያህል መንገድ የሚሰድድ የገጠር አባት ስንት ይሆናል?

መምህሩ ራሱ ወደ መንደር የወረደው በደርግ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ገቡ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። (ሐምሌ 1 ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች የበጀት ዓመት የሚከፈትበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።) ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ከፋ-ሞቻ ተብሎ የተመዘገበው የእኛ አካባቢ ቋንቋ ነበር። ውዴታና ግዴታ የተቀላቀለበት ሥራ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ያውቁታል፤ ግዴታውን አላወድስም። ግን ሦስት ነገሮችን አሟልቷል። ክፍሉ ከቤት የሚደርስ ነበር፣ ትምህርቱ እናት በምታውቀው ቋንቋ ነበር፣ ሰዓቱም ለሥራ ሰው የሚመች እንዲሆን ይሞከር ነበር። ልጅ ያዘለች ሴት ፊደል የቆጠረችው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ማዕከላት በየአገሩ ተቋቋሙ። አናጢነት፣ ብረታ ብረት፣ ሽመና፣ ሸክላ ሥራ፣ የቤት አያያዝ ይሰጥባቸው ነበር። ገበሬ ማኅበሩ ሠልጣኝ መርጦ ይልካል፣ የሠለጠነው ተመልሶ ሌሎችን ያስተምራል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ደብዳቤው የሚደርሰው ግን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ የማኅበሩ አባል ደግሞ የቤቱ አባወራ ነው። ስለዚህ በብዛት የተላኩት ወንዶች ሆኑ፤ የመጡትም ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስፌትና ወደ ምግብ ዝግጅት ተመሩ። ሴት አትምጣ ያለ ሕግ አልነበረም። ጥሪው ያለፈበት መንገድ ብቻውን በቂ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ብዙዎቹ ማዕከላት ሥራ ፈቱ።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ክትባትንና መጸዳጃ ቤትን ነው። እኔ ግን የአገራችን ትልቁ የወጣት ሴቶች የሥራ ሥልጠና ብዬ አነበዋለሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ወጣቶች፣ ከአርብቶ አደር አካባቢዎች በስተቀር ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። ሥልጠናው የተሰጠው በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሲሆን ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ የተግባሩ ድርሻ ይበልጥ ነበር።

ምልመላውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አመልካቿ ሴት መሆን ነበረባት፤ 18 ዓመት የሞላት፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የቀበሌው ነዋሪ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር። ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር የኅብረተሰቡ ተወካዮችም በመረጣው ይቀመጡ ነበር። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ያህል፣ ሁለት ሠራተኛ። በዚያን ጊዜ 10ኛ ክፍል ጨርሳ መሰናዶ ያልገባች ልጅ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ የሚጠብቃት ባል ብቻ ነበር። ለወላጆቿ አዲስ ወሬ መጣ፦ ልጃችሁ አንድ ዓመት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እዚሁ ትሠራለች፣ ደመወዝ ትቀበላለች። የአባትን «እምቢ» የሚያነሳው ይህ «ትመለሳለች» የሚለው ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውም ራሱ በአመዛኙ ቤት ለቤት ነበር። አንዲት የጎረቤት ልጅ ደብተር ይዛ በየደጁ ስትገባ ያዩ እናቶች ለታናናሾቿ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለጋቸውም።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ሥራው እየተደራረበባቸው ሄደ፤ አግብታ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወር የፈለገችም ብዙ ተቸግራለች። እዚያው ትቀራለች የተባለው ቃል ቤተሰብን ሲያረጋጋ ልጅቷን ግን አሥሯል። እኛም «ሠልጥነሽ እዚሁ ትሠሪያለሽ» ስንል ይህን ማሰብ አለብን።

በከፋ ይህ ነገር ተጨማሪ ክብደት አለው። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነበው ወደ ቀበሌው የሚመላለስ ሰው ነው። የማንጆ ማኅበረሰብ ልጆች ወዴት አሉ? ከማንጆ ቤት አለመግባት፣ አብሮ አለመብላትና አለመጠጣት በአካባቢያችን ለብዙ ዘመን የቆየ አድልዎ ነው፤ ሕግ ከከለከለውም በኋላ ከልብ ቶሎ አልወጣም። ለእነዚያ እናቶች «ልጅሽን ለሥልጠና አስመዝግቢ» የሚል ወረቀት መላክ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ቤታቸው ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቡናቸውን እስከ በረካው መጠጣት ያስፈልጋል። ቡና የኛ አገር ስም ነው እያልን እየተኩራራን፣ ሲኒ የማንጋራው ወገን ካለ መኩራታችን ምኑ ላይ ነው? በመዝገቤ ላይ «መስተንግዶ» ተብሎ የተጻፈው ስኳርና ዳቦ ወደዚያ የሚሄድ ነው። ባዶ እጅ ወደ ሰው ቤት አይገባም።

ጊዜውም ወጪ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ በዚያ ወራት የተጠራች ልጅ አትመጣም፣ ብትመጣም እናቷ ትከስራለች። በክረምት ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎች መኪና አይገባም፣ ባጃጅም እምቢ ይላል፤ በእግር ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጉብኝት አይበቃም። የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ነው፣ በሁለተኛው አባት ይጠይቃል፣ በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ አፏን ትከፍታለች። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እነዚህን ሦስት ቀናት በአንድ መስመር ማስፈር ከባድ ነው፤ ለጋሾቻችን «ውጤቱ የት አለ?» ሲሉን የምናሳየው ከጉብኝቱ በኋላ የተሞላ የመመዝገቢያ ቅጽ ብቻ ነው።

የስፌት መኪናው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መኪና ንብረት ነው፤ ይቆጠራል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ በዓመት የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ጉብኝት በዚያው ቀን ያልቃል። ግን የማኅበረሰብ ክህሎት ማዕከላቱም መሣሪያ ነበራቸው።

በዚህ ምክንያት ለጠቅላላ ጉባኤው በማቀርበው ረቂቅ ላይ የጉብኝቱን ገንዘብ አልቀነስሁም፤ ርዕሱን ግን ለይቻለሁ። «አስተዳደራዊ ወጪ» ከሚለው አውጥቼ «የሠልጣኝ ምልመላ» ብዬ ከሥልጠናው ወጪ ሥር አስገብቼዋለሁ። ጎብኚዎቹም ባለፉት ዙሮች ከሠለጠኑት ሴቶች መካከል እንዲሆኑ፣ ለእያንዳንዷም የቀን አበል እንዲታሰብ ጠይቄያለሁ፤ በነፃ አገልግሉ ማለት ሴቶችን የኖርንበትን ማስቀጠል ነውና። የስፌት መኪናው ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ወርዷል። ክርክሩ በጉባኤው ይደረግ፤ ሠንጠረዡ ከወዲሁ በማኅበሩ ቢሮ ስለተቀመጠ መጥቶ ማየት ይቻላል።