የላይደን ቁርና የኤርቢየም ጥራጥሬ

በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 10 ቀን 1908፣ ሊቁ ካመርሊንግ ኦኔስ ከረዳቶቹ ጋር ከማለዳ እስከ ምሽት ደክሞ ሂሊየም የተባለውን ረቂቅ ጋዝ ወደ ፈሳሽነት በለወጠ ጊዜ፣ ፈሳሹ ከብርጭቆው ጋር ተመሳስሎ ከዓይን ተሰውሮ ነበርና፣ ጎራ ካሉት መምህራን አንዱ የሙቀት መለኪያው ከፈሳሽ የተነከረ እንደሚመስል ቢጠቁም፣ ከሥር ሲያበሩት ገጹ እንደ ቢላዋ ስለት ጎልቶ ታየ። ቁሩ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሲየስ ነበር። በዚሁ ቁር በ1911 ባዜቃን ሲመረምር፣ ኤሌክትሪክን የመቃወም ባሕርዩን በድንገት ጥሎት አገኘው።

ገላን ሳይቀዱ ውስጡን የሚያሳየው ኤም አር አይ በሐኪም ቤት በተስፋፋ ጊዜም፣ ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም የተሠራው የማግኔቱ ሽቦ ይህን የመቃወም ባሕርይ እንዲጥል በዚሁ ፈሳሽ መጠመቅ ነበረበት፤ ለአንድ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 1,500 ሊትር ያህል ይፈጃል። ሽቦው በድንገት ከሞቀ ፈሳሹ ፈልቶ በቱቦ ይወጣል፣ አንዱም ሊትር 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ከተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ በድካም የተገኘው ሂሊየም አንዴ ወደ ሰማይ ካረገ አይመለስም።

ኤም አር አይን ከዚህ ፈሳሽ ጥገኝነት ያላቀቀው ማግኔቱ ራሱ ሳይሆን አንዲት ጥራጥሬ ናት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። አሜሪካውያኑ ጊፎርድና ማክማሆን በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ማቀዝቀዣ የሂሊየምን ጋዝ እየጨመቀ ይለቅቃል፤ በውስጡም ጋዙ ሲገባ ሙቀቱን በአደራ ተቀብሎ ሲወጣ የሚመልስ፣ የእርሳስ ጥራጥሬ የሞላበት ዐቃቤ ሙቀት ነበረ። እርሳስ ግን ቁሩ ሲጠና ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ይከስማልና፣ ማቀዝቀዣው ከፍጹም ዜሮ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አልወርድም አለ፤ ይህም ለሽቦው አይበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓናውያን እርሳሱን ኤርቢየምና ኒኬል በተዋሐዱበት ጥራጥሬ ተኩት፤ የዚህ ቅይጥ መግነጢሳዊ ሥርዓት በዚያው ጥልቅ ቁር ስለሚለዋወጥ ሙቀትን አጥብቆ ይይዛል፣ ማቀዝቀዣውም ለሽቦው ወደሚበቃው 4 ዲግሪ ወረደ።

በ2018 ደግሞ የዚያችው የሆላንድ ኩባንያ ፊሊፕስ 7 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ብቻ ታሽጎበት የሚሠራ ማግኔት ለገበያ አወጣ። ለእንዲህ ያለው ማግኔት የሚሰጠውን «ሂሊየም አልባ» የሚል ስም እኔ አልወደውም፤ ፈሳሹ እጅግ ቢያንስም በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚመላለሰው ያው ሂሊየም ነውና። ደግሞም ፈሳሹ ያነሰበት ማግኔት መብራት ሲጠፋ እንደ ቀድሞው ለቀናት የሚታገሥበት ስንቅ የለውም፤ በክፍሉ ውስጥ ሌት ተቀን ጪር ጪር የሚለው የማቀዝቀዣው ድምፅ ዝም ካለ፣ ሰዓቱ መቆጠር ይጀምራል።