አጋሰስን ለጉግስ

ዛሬ ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከወረኢሉ ስልክ ተደወለልኝ። የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ እናት ናቸው። ሰላምታውን በወጉ ካደረስን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ ልጄን ይምከሩልኝ። ጀርመን ድረስ የላክሁት እንዲሠራ ነው፤ አሁን መኪና ያሽቀዳድማል አሉኝ» አሉ።

እሺ አልኳቸውና ልጁ ጋ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ በየወሩ ለእናቱ ይልካል። መኪናው አሮጌ ያሪስ ናት። ያሪስ ማለት እኛ ቪትዝ የምንላት ናት፤ ጃፓን ውስጥ በቪትዝ፣ አውሮፓ ውስጥ በያሪስ ስም ነው የተሸጠችው። የሱዋ ደግሞ ከዝርያዋ ሁሉ ርካሿ ናት። ሞተሯ 1000 ሲሲ፣ ጉልበቷ ወደ 70 ፈረስ፣ መስኮቷ በእጅ የሚጠመዘዝ። በሷ ነው ኑርቡርግሪንግ የሚሄደው።

ኑርቡርግሪንግን ለማታውቁ፦ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የውድድር መንገድ ነው። ሰሜናዊው ዙር ወደ 21 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ70 በላይ ኩርባ አለው፤ ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው ወደ 300 ሜትር ይወጣል። ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 በእሳት ተለብልቦ የተረፈው እዚያ ነው። ውድድር በሌለበት ቀን ግን ማንም ሰው ሕጋዊ መኪናውን ይዞ፣ የዙሩን ከፍሎ ይገባል። ያን ቀን እንደ ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ስለሚቆጠር መሽቀዳደም ክልክል ነው። ስለዚህ እናቱ የሰሙት በትክክል አልደረሳቸውም፤ ልጁ ከማንም ጋር አይሽቀዳደምም። ከራሱ ጋር ነው ትግሉ።

«ፖርሽ ይዘው የሚመጡት አይስቁብህም?» አልኩት።

«እነሱስ አይስቁም ጋሼ። የሚስቁት የኛ ልጆች ናቸው። በዚች አጋሰስ ነው እንዴ የምትሄደው ይሉኛል።»

ቃሏ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አጋሰስ!

የከተማ ልጅ አጋሰስን ስድብ ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እኛ አገር ግን አጋሰስ የጭነት ፈረስ ነው። አባቴ አንድ ነበረው። ዳማ፣ አንገቱ አጭር፣ ጀርባው በጭነት የተላጠ። በአዘቦቱ እህል ወደ ገበያ፣ ጨውና ጋዝ ከገበያ ያመላልሳል። በጥምቀት ግን አባቴ ያንኑ ፈረስ ይዞ ጉግስ ሜዳ ይወርድ ነበር። ባለ ብር ጌጥ ልጓም፣ ባለ ግላስ ኮርቻ ይዘው አምባላይና ጉራቻ ከሚጋልቡት መሀል ማለት ነው። ሰው ይስቅ ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ አፍር ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላንሳ፤ መቼም የታሪክ መምህር ሆኜ ሳላነሳ አላልፍም።

በድሮው ዘመን ሀብት ያለው ሰው ሁለት ከብት ነበረው፦ በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለውጊያ። ጌታው በቅሎው ላይ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ፈረሱን አሽከር ይስብለታል። ፈረሱ ሳይደክም ከሜዳው ይደርሳል። ዛሬ ኑርቡርግሪንግ የውድድር መኪናውን በተጎታች ጭኖ የሚመጣው ሰውዬ በትክክል ይኸው ነው። ተጎታቿን የምትስበዋ መኪና በቅሎ ናት፤ ላይዋ ላይ የተጫነችው ደግሞ ፈረስ። ድሃው ግን አንድ ነው ያለው። የተሸከመው ያው፣ የሚሮጠውም ያው፣ ማታ ወደ ቤት የሚመልሰውም ያው። ተማሪዬ በያሪስ ሄዶ፣ በያሪስ ዞሮ፣ በያሪስ ይመለሳል። ሰኞ ማታ ደግሞ በሷው ሥራ ይገባል።

እንግዲህ ወረኢሉ ማለት ደግሞ ሰው ያለውን ይዞ የተጠራባት ከተማ ናት። ከደሴ ጉጉፍቱንና ካቤን አልፋችሁ የምትደርሱባት ደጋ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር ያደረጓት ቦታ። በመስከረም 1888 የወጣው የአድዋ ክተት አዋጅ የሸዋን ሰው የቀጠረው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ ባለ ፈረስ አልነበረም። ስንቁን፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከቤቱ ቋጥሮ፣ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በትከሻው ተሸክሞ መጣ። መንግሥት አልብሶ የሰበሰበው ሠራዊት አልነበረም፤ አብዛኛው ከራሱ ጓዳ የተነሳ ነው። በየካቲት 23ቱ ውጊያ ደግሞ የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር በተደመሰሰበት በማርያም ሸዊቶ በኩል፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ስሙ ይነሳል። የራስ ሚካኤል የፈረስ ስም አባ ሻንቆ ነበር። ያስተማርኳችሁ ሁሉ ይህችን አትረሷትም፤ ፈተና ላይ አውጥቻታለሁ።

ጉግስም ቢሆን የመጣው ከዚያው ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ለፈረሰኛ ልምምድ ነበር። ትልቁ ነገር ደግሞ ይኼ ነው፦ ጉግስ የሚለየው በጣም የሚሮጠውን ፈረስ ብቻ አይደለም። የሚቆመውንና የሚታጠፈውንም ነው።

አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ ጉራቻው ሁልጊዜ ይቀድመዋል። ስለዚህ አይታገለውም። የሚጠብቀው መታጠፊያውን ነው። ያ አጋሰስ በገደል መንገድ ጭነት ይዞ ሲወርድ የኖረ ስለሆነ ቆም ሲባል ይቆማል፣ ዙር ሲባል ይዞራል። ፈጣኖቹ ገና ልጓም እየሳቡ ሜዳውን ሲጨርሱ አባቴ ዞሮ በመሀላቸው ይገባል። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ።

ወደ መኪና ስንመጣም ታሪኩ ያው ነው። «የፈረስ ጉልበት» የምንለው ቃል ራሱ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ከፈረስ ሥራ ጋር ለማወዳደር የተጠቀመበት መለኪያ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ዋና መናኸሪያው የሆነውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ምን መሰለቻችሁ? ቮልስ! ያቺው የኛ ቮልስ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው፣ በነፋስ የምትቀዘቅዘው። ራዲያተር ስለሌላት ውኃ አይፈላባትም። ሆዷም ከታች ጠፍጣፋ ስለሆነ ድንጋዩን ታግሣ ታልፋለች። ብርቱዎቹ መንገድ ዳር ተሰብረው ሲቀሩ እሷ ደረሰች።

ቀጥሎ ጆጊንደር ሲንግ መጣ። ኬሪቾ የተወለደ ኬንያዊ ሲኽ፣ ሙያው መካኒክነት። የቮልቮ ፋብሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1964 ለሳፋሪ ካመጣቸው መኪኖች አንዷን፣ ያገለገለች ፒቪ 544፣ በሁለተኛ እጅ ገዛ። ንድፏ የ1940ዎቹ ነው፤ በዚያን ጊዜ አሮጊት ትባል ነበር። በራሱ እጅ አደሳትና በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ አንደኛ ወጣባት። ፋብሪካው በሸጠው መኪና! በ1974 ደግሞ በ1600 ሲሲ ሚትሱቢሺ ላንሰር የቢዮርን ቫልዴጎርድን ፖርሽ 911 ሁለተኛ አድርጎ አሸነፈ።

በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በኛ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ተወሰዱ። ትንሽ መኪና ናይሮቢ ላይ ፖርሽ ቀደመች፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመን ዘጋች። ስለዚህ ትንሿን መኪና አትናቁ ነው የምላችሁ።

ግን እዚህ ላይ ካቆምኩ እናትየውን ከዳኋቸው ማለት ነው። ታሪክን ግማሹን መናገር ውሸት ነው። ቮልስም ቮልቮም ያሸነፉት ርካሽ ስለሆኑ አይደለም። ጆጊንደር መካኒክ ነበር፤ እያንዳንዷን ብሎን ያውቃታል።

የአባቴን ታሪክም ልጨርስላችሁ። አባቴ በየዓመቱ ከጥምቀት ሦስት ሳምንት በፊት ጭነት ይቀንስለታል፣ ገብስና ባቄላ ይጨምርለታል። ሰኮናውን ያያል። የኮርቻውን ጠፍር ደግሞ በጣቱ እየሳበ ይፈትሻል። ገንዘብ አያወጣም፤ ልምድ ነው። አንድ ዓመት ግን ሰው ሲያመሰግነው ጊዜ ልቡ ሞቀና ካገኛት ጥቂት ብር ላይ ቀንሶ ጌጠኛ ልጓም ገዛ። ጠፍሩ አርጅቶ ነበር። «ለዘንድሮ ይበቃል» አለ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። አባቴ ክንዱ ተሰበረ፣ ፈረሱ የፊት እግሩን አነከሰ።

ያን በጋ ቤታችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አራሽ የለም፣ ጫኝ የለም። አጎቴ የራሱን ማሳ ትቶ የኛን አረሰ። እናቴ እህል በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ወረደች። እኔ አንድ ሰሚስተር ከትምህርት ቀረሁ። እናቴ ስለ ጉግሱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ሳትናገር ኖራ ሞተች። ልጓሙ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እኔ ደግሞ የምለው፣ አንድ ብቻ ያለው ሰው ፈረሱን ከማውጣቱ በፊት ጠፍሩን ይይ።

ስለዚህ ልጁን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት።

አንደኛ፣ የፍሬን ዘይትህን መቼ ቀየርክ? ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባዬ እንዳስረዳኝ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉን ስትረግጠው ባዶ ይገባል። የደሴ ኮምቦልቻን ቁልቁለት የሚያውቅ ሹፌር «በማርሽ ውረድ» የሚለው ለዚህ ነው። ልጁ ሳቀና «እሱን ቀይሬያለሁ ጋሼ፤ ከሸራው ጋር» አለኝ። መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣው እሱ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ጎማ ላይ። ሞተሩን አልነካውም። ደስ አለኝ፤ ይኼ ልጅ ጠፍሩን አይቷል።

ሁለተኛ፣ ስንት ዙር ትዞራለህ? «አንድ ዞሬ አቆማለሁ፤ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ሌላ አንድ» አለ። ጥሩ።

ሦስተኛ፣ እሁድ ብትሰበር ሰኞ ሥራ በምን ትገባለህ? ለእናትህስ ከምን ትልካለህ? እዚያ መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ። እኔም ዝም አልኩ፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

በመጨረሻ «እሱን አላሰብኩትም ጋሼ» አለኝ።

አትሂድ አላልኩትም። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የሚያነሳ ልጅ፣ በወር አንድ ቀን ሰው መሆኑ የሚሰማው እዚያ ከሆነ እኔ ማን ነኝ? ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ የአንዲት ሌላ አሮጌ ያሪስ ዋጋ አጠራቅም። ያ ገንዘብ በቅሎህ ነው። እሱ እጅህ ላይ እስኪገባ ድረስ ጉግስ ይቆይ። ከሞላ በኋላ ሂድ፣ የሚስቅም ይሳቅ። «ስድስት ወር ይፈጅብኛል» አለ። እሺ፣ ስድስት ወር።

ከዚያ እናትየው ጋ ደወልኩ። ልጃቸው ከማንም ጋር እንደማይሽቀዳደም፣ ስድስት ወርም እንደሚያርፍ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አባትዎ እኮ በአጋሰስ ጉግስ ይጫወቱ ነበር አይደል?» አሉኝ። ለካ ያስታውሳሉ! «አዎ» አልኩ። «ያምር ነበር» አሉ። «እናትዎ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚቆሙት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።»

ይህን እስከዛሬ አላውቅም ነበር።

ከወረኢሉ፣ ከጃማ፣ ከመካነ ሰላም ያላችሁ፣ የጉግስ ትዝታ ካላችሁ ጻፉልኝ። የጋላቢውን ብቻ ሳይሆን፣ ዳር ቆማ የምታየውንም።

መልካም ሰንበት።