ከደባርቅ ሰማይ ላይ ያነጣጠረው ማን ነበር?

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የገባ ሰው ልቡ የሚሸፍተው ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። ዋልያና ጭላዳ ሊያይ የመጣ እንግዳ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ትዝ አይለውም። እኛም ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር። በትምህርት ቤት የተማርነው «ጣልያን በአውሮፕላን ደበደበን» የሚለውን ብቻ ነው። እንዴት አነጣጥሮ? ብለን ጠይቀን አናውቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር (የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሰዎችም ነበሩበት) ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ ጣልያንን ድል አደረገ። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላኖች ተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ ጣሉበት። የመርዝ ጋዝ ደግሞ ጥሩ ተኳሽ አይፈልግም። ሣሩ፣ ውኃው፣ የሰው ቆዳ፣ የነካው ሁሉ ኢላማ ነው።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1933 ዓ.ም. ክረምት ጣልያን ከደባርቅ አጠገብ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ወልቀፊት ምሽግ ውስጥ ተከበበ። ከምድር አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር፣ ከላይ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪቃ አውሮፕላኖች።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች በቦምብ ጣዮቻቸው ላይ የሚገጥሙት ማነጣጠሪያ «ኮርስ ሴቲንግ ቦምብ ሳይት» ይባላል። ሃሪ ዊምፐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራው ነው። ኮምፓስ አለው፤ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚሞሉበት መዘውር አለው፤ አውሮፕላኑ ወደ ጎን መንሸራተቱን የሚያሳዩ ሽቦዎች አሉት፤ ከፍታ የሚሞላበት ቀጥ ያለ ዘንግ አለው። አነጣጣሪው በደረቱ ተኝቶ አብራሪውን «ግራ፣ ቀኝ» እያለ ይመራዋል። ኢላማው ከመስመሩ ሲገጥም ቦምቡን ይለቃል።

ጣጣው ያለው ከፍታው ላይ ነው። የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ ከባሕር ወለል ተነስቶ ሲነግርህ ቦምቡ ግን የሚወድቀው መሬት ላይ ነው። ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መለኪያው 4,000 ቢል ቦምቡ የሚወርደው 1,150 ሜትር ብቻ ነው። የአየሩን ግጭት ትተን ብናሰላው 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። አነጣጣሪው መቀነሱን ረስቶ 4,000 ብሎ ቢሞላስ? መሣሪያው 29 ሰከንድ ይፈጃል ብሎ ያስባል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ቦምቡን ቀድሞ ይለቅና ከኢላማው 900 ሜትር ያህል ቀርቶ ይወድቃል። አፋፉን ሲያልፍ ደግሞ ሥሩ ያለው ምድር በአንድ ጊዜ ከሺህ ሜትር በላይ ይዘቅጣል። ስሌቱ እንደገና!

900 ሜትር ማለት በምሽግና በገበሬ ጎጆ መካከል ያለ ርቀት ነው። የአንዲት ቁጥር ስህተት ዕዳውን የሚከፍለው ጦርነቱን ያላወጀ ሰው ነው።

ወልቀፊት መስከረም 17 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር። ኮሎኔል ጎኔላ ወደ 3,000 ከሚጠጋ ጦሩ ጋር ተማረከ። ምሽጉን የያዘው ግን በእግሩ አፋፉን የወጣ ሰው እንጂ አውሮፕላን አይደለም።

ዛሬ ሽቦውና ዘንጉ በሌዘር፣ በሳተላይትና በድሮን ተተክተዋል። ቁጥሩን ኮምፒውተር ይቀንሳል። «ኢላማውን መታ» የሚለው ዜና ግን አሁንም ግማሽ ዜና ነው። ኢላማውን የመረጠው ማን ነው? ከኢላማው አጠገብስ ማን ይኖር ነበር? ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ቢያንስ ይህችን ጥያቄ መርሳት የለብንም።