ሆም ቴአትር ማሳደግ፦ የትኛው ስፒከር ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

ሆም ቴአትር ከተገዛ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንዱ ስፒከር ድምፅ ሲሻክር ወይም ጭራሽ ዝም ሲል ምን ይደረጋል? ኩልመስክ ላይ የተለመደው መልስ ከጎረቤት ወይም ከመኪና የወጣ ሌላ ስፒከር ፈልጎ በዚያው ሽቦ ላይ ማሰር ነው። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ በሳምንቱ ዋናው ማሽን ይቃጠልና ተሸክሞ ወልድያ ወይም ላሊበላ መሄድ ይመጣል። የጥገናው፣ የትራንስፖርቱና የመለዋወጫው ሲደመር አዲስ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ገንዘባችሁን ሳታወጡ፣ ሽቦም ሳትቆርጡ በፊት ማወቅ ስላለባችሁ ነገር ነው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ውጭ አገር የተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ "ሪሲቨር" ሲባል የዲሹን አይደለም የሚሉት። አምስቱንም ስፒከር የሚያጮኸውን ትልቁን አምፕሊፋየር ነው። ይህን ያልለየ ልጅ "ሪሲቨር ቀይር" ሲባል የዲሹን ቀይሮ ድምፁ ያው ሆኖበት ቁጭ ይላል። እኛ ከዚህ በታች "ማሽኑ" ነው የምንለው።

5.1 ማለት ከፊት ግራና ቀኝ፣ ከቲቪው ሥር አንድ ሴንተር፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት ሰራውንድ ማለት ነው። "ነጥብ አንዱ" ሰብዉፈሩ፣ ሰፈር ውስጥ "ቤዙ" የምንለው ነው። ዶልቢ ዲጂታል በዚህ አደራደር ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 "ባትማን ሪተርንስ" በተባለው ፊልም ነበር። ፊልም ላይ የሰው ንግግር በአብዛኛው ከሴንተሩ ይወጣል፤ ከኋላ የሚመጣው ዝናቡ፣ የሚያልፈው መኪና፣ የሕዝቡ ጫጫታ ነው።

ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ እውነተኛ 5.1 የምታዩት? በፍላሽ የሚገለበጠውና ከቴሌግራም የሚወርደው ፊልም አብዛኛው ባለ ሁለት ቻናል ነው። በኢትዮሳት የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው። ማሽኑ ሁለቱን ቻናል ቆራርሶ ለአምስት ያከፋፍለዋል እንጂ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ለብቻው የተቀዳ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ቪኤልሲ ካለ የፋይሉን መረጃ ክፈቱና የድምፅ ቻናሉን ቁጥር እዩ፤ 2 ካለ ስቴሪዮ፣ 6 ካለ 5.1 ነው። ይህን የምናነሳው በምክንያት ነው። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የፊቶቹ ሁለት ላይ አውጡ። ሁለት ጥሩ ስፒከር ያለው ቤት አምስት ደካማ ስፒከር ካለው ቤት የተሻለ ፊልም ያያል። የኋላዎቹ ይቆዩ፣ አይቸኩሉም።

አሁን ማሽን ወደሚያቃጥለው ነገር እንምጣ፤ ኦም።

እያንዳንዱ ስፒከር ጀርባው ላይ የኦም ቁጥር አለው። በአንድ ካርቶን ተሟልተው የሚሸጡት ሆም ቴአትሮች ስፒከሮቻቸው ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። ለብቻቸው የሚሸጡት የቤት ስፒከሮች በአብዛኛው 6 ወይም 8፣ የመኪናዎቹ ደግሞ 4 ናቸው። ኦሙ ሲያንስ ስፒከሩ ከማሽኑ ብዙ ጅረት ይስባል። ለ8 ኦም የተሠራና 50 ዋት የሚሰጥ ማሽን ላይ 3 ኦም ስፒከር ብታስሩ፣ ድምፁ እስከ ጥግ ሲከፈት ከማሽኑ የሚሳበው ጅረት ከ2.5 አምፒር ወደ 6.7 አምፒር ገደማ ይዘላል። ማሽኑ ራሱን የሚከላከልበት ካለው ይጠፋል፤ ከሌለው ይቃጠላል።

ተቃራኒው አደጋ የለውም፣ ግን ያሳፍራል። ለ3 ኦም 50 ዋት የሚሰጥ ማሽን ላይ 8 ኦም ስፒከር ሲታሰር የሚደርሰው 19 ዋት ገደማ ብቻ ነው። "ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ ድምፁ ቀነሰ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ስፒከሩ ምንም አልሆነም።

ሁለት ስፒከር በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ማሰርስ? ሁለት 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ይሆናሉ፤ ሁለት 4 ደግሞ 2። ሰርግ ሲኖር ዳስ ውስጥ ይሄን ሁሉ ስፒከር ደርድሮ በአንድ ማሽን ማጮህ የተለመደ ነው፣ የሙሽራው መኪና ሳይደርስ ማሽኑ የሚጠፋውም በዚሁ ነው።

ጽሑፉ የጠፋ ስፒከር ቢያጋጥማችሁ ቴስተር ይበቃል። ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ንኩ። የሚያሳየው ቁጥር ከተጻፈው ያንሳል፤ 8 ኦሙ 6 አካባቢ፣ 4 ኦሙ ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ያነባል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ጥቅልል ተበጥሷል፣ ብር አትክፈሉበት። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ቴስተር ኪስ ውስጥ ይኑር።

ስለ ዋት ብዙ አንልም፣ ካርቶን ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ወሬ ስለሆነ። "3000 ዋት ፒኤምፒኦ" የሚል ስታዩ ማሽኑን አዙራችሁ ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚወስድ የተጻፈውን አንብቡ። ከግድግዳ 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ 3000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ነው። እንዲያውም ትንንሾቹን ትዊተሮች በብዛት የሚገድላቸው ማሽኑ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን ትንሽ ማሽን እስከ ጥግ ተከፍቶ ድምፁ ሲሰነጠቅ ነው። መሰንጠቅ ሲጀምር ዝቅ አድርጉ፣ በቃ።

ከዋቱ ይልቅ ሰው የማያየው አንድ ቁጥር አለ፤ ስፒከሩ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ። 84 የሚለውና 90 የሚለው ትንሽ የሚለያዩ ይመስላል። ግን በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ እጥፍ ስለሆነ፣ 84ቱ ከ90ው ጋር እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ግራው 84 ቀኙ 90 ከሆነ ተዋናዩ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እየቆመ ያወራል ማለት ነው።

ስለዚህ ማዛመድ የሚባለው ነገር ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ከፊት ያሉትን ሦስቱን ነው። ግራ፣ ሴንተርና ቀኝ ከአንድ ፋብሪካ፣ ቢቻል ከአንድ ተከታታይ ምርት ይሁኑ። ለምን መሰላችሁ? አንድ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ድምፁ ሦስቱንም ያቋርጣል። ሴንተሩ ሌላ ዓይነት ከሆነ መኪናው መሀል ላይ ሲደርስ ኢሱዙ የነበረው ባጃጅ ይሆናል። የሚመሳሰል ሴንተር ካጣችሁ የእኛ ምርጫ ያለ ሴንተር መቅረት ነው። ማሽኑ ላይ "ሴንተር የለም" ብላችሁ ስታስተካክሉት ንግግሩን ለግራና ለቀኝ ያካፍለዋል፤ ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ልዩነቱ እምብዛም ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ እንጂ ከፊቶቹ ቢለዩ ግድ የለም።

ሰብዉፈሩ ከሁሉም ነፃ ነው፣ የራሱ አምፕሊፋየር ካለው። ከየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን ይሄዳል። ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ቤት "ጂፓስ" እየተባሉ በሚጠሩት ዓይነት ባለ ቤዝ ስፒከሮች ላይ የሁሉም አምፕሊፋየር ያለው ቤዙ ሣጥን ውስጥ ነው። እሱን አውጥታችሁ ሌላ ብትተኩ ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ማሽኑ የሚጠይቃችሁ ከሆነ መቁረጫውን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ያለውን ጎርናና ድምፅ ለቤዙ ይሰጠዋል፣ ትንንሾቹም እፎይ ይላሉ።

ከመኪና የወጣ ስፒከር እንጠቀማለን ለምትሉ፣ ሣጥን አሠሩለት። ያለ ሣጥን ከፊቱ የሚወጣውና ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ ተገናኝተው ስለሚጠፋፉ ቤዝ የሚባል ነገር አይኖረውም። አናጢ ቤት በችፑድ የሚሠራ ሣጥን፣ ክፍተቱ በደንብ ተደፍኖ፣ ለውጡ የሰማይና የምድር ነው። ማሽናችሁ 4 ኦም የሚችል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ክፍሉም ራሱ ድምፅ ነው። አራት በአራት የሆነ ክፍል ውስጥ የፊቶቹን ሁለቱን ከ2 እስከ 2.5 ሜትር አራርቁና እናንተም በዚያው ርቀት ተቀመጡ፤ ሦስት እኩል ማዕዘን ይሥሩ። የኋላዎቹ ከጆሯችሁ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ግድግዳው ሲሚንቶ ልስን፣ ወለሉም ሲሚንቶ ከሆነ ንግግር ይደበላለቃል። ላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ የከበሮና የጸናጽል ድምፅ የሚከበው አለቱ ድምፅ ስለማይውጥ፣ ስለሚመልስ ነው። ለዜማ ያማረው ነገር ለፊልም ንግግር ጠላት ነው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መደቡ ላይ የተጣለ ጋቢና ብርድ ልብስ ብዙ ይረዳሉ፣ ብርም አይጠይቁም። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያው ሲንጫጫ ግን የትኛውም ሴንተር አያሸንፈውም፤ የማዳበሪያ ኮርኒስ ትንሽ ይቀንሰዋል እንጂ።

ቤዙን የት እናስቀምጥ ለሚለው አንድ ዘዴ አለ። ቤዙን እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉና ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በግድግዳው ዙሪያ ዙሩ፤ ቤዙ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ሣጥኑን አስቀምጡ። ማዕዘን ላይ ሲገባ በጣም ያጓራል፣ ያም ጎረቤት ጋር ያጣላል።

ቀጥሎ ስልካችሁ ይሥራ። ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ አውርዱና የምትቀመጡበት ላይ ሆናችሁ የማሽኑን መሞከሪያ ጩኸት በየተራ ለኩ። የስልክ ማይክ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላያውቅ ይችላል፣ ግን አንዱን ስፒከር ከሌላው ለማወዳደር ይበቃል። ሁሉም አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 75፣ እስኪያሳዩ ከፍና ዝቅ አድርጉ። ቤዙን ግን በጆሮ ነው፤ ስልክ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ርቀቱንም በሜትር አስገቡለት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ በየሜትሩ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ማሽኑ የቀረበውን ያቆይና ሁሉም እኩል ይደርሳሉ።

ሽቦ ላይ ዘዴኛ ሁኑ። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ነው። 10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ 3 ኦም ስፒከር በ0.5 ሽቦ ሲታሰር፣ ሽቦው ብቻውን 0.7 ኦም ገደማ ይበላል። ኤሌክትሪክ ቤት የሚሸጠው 1.5 የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ "የኦዲዮ ገመድ" ተብሎ በውድ የሚሸጠውን አትግዙ።

ቀይና ጥቁሩን አታምታቱ። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ምልክቱ የጠፋ ከሆነ ስፒከሩን ከማሽኑ ንቀሉና የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ፣ 1.5 ቮልቷን፣ ለቅጽበት ብቻ ንኩበት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው። ይህ ለትልቁ ኮን እንጂ ለትዊተር አይደለም።

የመጨረሻው የማሽኑ ሙቀት ነው። ላሊበላ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ እናቶች ቅር ቢላቸውም ማሽኑ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ይነሳ፣ ከላዩ አራት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ቮልቱ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት፤ ስታብላይዘር ካላችሁም ማሽኑና ቲቪው በእሱ በኩል ይለፉ።