ወርቅ የተቀባችው ካሜራ እና የካርኮቭ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን እየሮጠ መጣና «ላይካ አገኘሁ!» አለን። ልጁ አሮጌ የፊልም ካሜራ መሰብሰብ ከጀመረ ቆይቷል፤ ደሞዝ በወጣ ቁጥር ዓይኑ ከኢንተርኔት ገበያ አይነቀልም። ያገኛትን ካሜራ ፎቶ አሳየን። ወርቅማ ቀለም የተቀባች፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰች፣ አናቷ ላይ የናዚ ንስርና «የበርሊን ኦሎምፒያድ 1936» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸባት ቆንጆ ነገር ናት። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።) ዋጋዋ ደግሞ ከእውነተኛ ላይካ በብዙ ያነሰ ነው። «እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል?» አለ።

እኛ ግን ጋዜጠኝነት ስንማር መምህሮቻችን ጆሯችን እስኪደነቁር የነገሩን ነገር አለ፤ ምንጩ ሳይጣራ ወሬ አይጻፍም። ካሜራም ምንጭ ነው አልንና ማጣራት ያዝን። ያገኘነው ታሪክ ከኦሎምፒኩ የበለጠ ሆነብን። እነሆ።

በመጀመሪያ ስለ እውነተኛዋ ላይካ። ኦስካር ባርናክ ጀርመን አገር፣ ቬትስላር ከተማ ውስጥ፣ ኤርንስት ላይትዝ በሚባለው የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ነበር። ሰውዬው አስም አለበት። የዚያን ጊዜውን ካሜራ ከነመስታወት ሰሌዳው ተሸክሞ ተራራ መውጣት አቃተው። ስለዚህ ለሲኒማ የሚሠራውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወሰደና በ1914 አካባቢ በኪስ የምትያዝ ካሜራ ሠራ። የሲኒማው ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እሱ እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ላይ «ፉል ፍሬም» የምንለው ይኸው የባርናክ ልክ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነገሩን አዘገየውና ካሜራዋ ለሕዝብ የቀረበችው በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ ነው። «ላይ» ከላይትዝ፣ «ካ» ከካሜራ፤ ላይካ ተባለች። ባርናክ ራሱ ይሠራባት የነበረችው ካሜራ በ2022 በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶባታል። እንግዲህ አስመሳዮች ለምን እንደሚደክሙ ከዚህ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ካርኮቭ እንሂድ። ዛሬ ካርኪቭ የምንላት፣ ከ2022 ጀምሮ ቦምብ የሚወርድባት የዩክሬን ከተማ ናት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ አብዮቱ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱና ረሃቡ ተደማምረው በሶቭየት ምድር እጅግ ብዙ ሕፃናትን ጎዳና ላይ ጥለው ነበር። በ1927 ካርኮቭ አጠገብ ለእነዚህ ልጆች አንድ የሥራ ማኅበር ተከፈተ። ኃላፊው አንቶን ማካሬንኮ የተባለ መምህር ነው። ልጆቹ እየተማሩ ይሠራሉ። መጀመሪያ የቤት ዕቃ ሠሩ፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ። ከዚያ ካሜራ እንሥራ ተባለ!

ላይትዝ በ1932 ያወጣውን አዲሱን ላይካ፣ ባለ ርቀት መለኪያውን፣ ፈታተው አጠኑት። ፈቃድ የጠየቀም የለም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ለሙከራ ጥቂት ካሜራዎች ሠሩ፤ በ1934 ፋብሪካው በብዛት ማምረት ጀመረ። ትናንት በረንዳ ላይ ያደሩ ልጆች፣ አንዲት ስንጥቅ ብርሃን ብታስገባ ፊልሙ የሚበላሽበትን ዕቃ በእጃቸው ገጣጠሙ ማለት ነው። ለእኛ ከ14 ሚሊዮኑ ዩሮ ይልቅ ይህ ነው የሚገርመን።

ስሟ ግን ቀላል ስም አይደለም። ማኅበሩ የተሰየመው የሶቭየት የምሥጢር ፖሊስ መሥራች በሆነው በፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ነበር፤ ካሜራዋም ከስሙ መነሻ ፊደላት «ፌድ» ተባለች። የእርሱ ወራሽ የሆነው መሥሪያ ቤት በ1937 እና በ1938 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ረሽኗል። ለጎዳና ልጆች ቤት የሠራ እጅና ሰው የሚረሽን እጅ የአንድ ቤት እጆች ነበሩ። ፌድን የያዘ ሰው ሁለቱንም አብሮ ይይዛል።

ታዲያ የወዳጃችን ወርቃማ «ላይካስ»? እንደ ጠረጠራችሁት ናት። በተለይ ሶቭየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች ወዲህ ብልጦች አሮጌ ፌድና ዞርኪ (ዞርኪ ከ1948 ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ የተሠራችው እህቷ ናት) እየሰበሰቡ፣ ስሟን ፍቀው፣ «ላይካ» ብለው ቀርጸው፣ ወርቅ ቀብተውና ንስር ጨምረው ገበያውን ሞሉት። መለየት ግን አይከብድም። ሌንሱን ፍቱና ወደ ውስጥ፣ ከላይ በኩል እዩ። ርቀት መለኪያውን የምትገፋው ትንሽ ብረት በላይካ ላይ ክብ ተሽከርካሪ ናት፤ በፌድና በዞርኪ ላይ ግን እንደ ሽብልቅ የሾለች ናት። መለያ ቁጥሩንም ከላይትዝ የምርት መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ ብዙውን ጊዜ ዓመቱ አይገጥምም። ወርቅ ቀቢው ላዩን እንጂ ሆዷን አልቀየረም።

«ኮፒዋን ኮፒ አደረጓት፣ ምን ይደንቃል?» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ወዲህ ነው። ፌድ የላይካን አካል ብትወስድም በራሷ ስም ነው የወጣችው። ወርቃማዋ ግን የሁለቱንም ወገን ታሪክ ትሰርቃለች። ከካርኮቭ በኩል የልጆቹን ሥራ ትፍቃለች። ከቬትስላር በኩል ደግሞ ንስር ትለጥፋለች፤ የፋብሪካው ባለቤት ዳግማዊ ኤርንስት ላይትዝ ግን በናዚ ዘመን አይሁድ ሠራተኞቹንና ሌሎችንም ወደ ውጭ አገር እየላከ ያተረፈ ሰው ነው። ልጁ ኤልዚም አንዲት አይሁዳዊት ወደ ስዊዘርላንድ እንድታመልጥ በመርዳቷ በ1943 ታስራለች። ቤቱ ፍጹም ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ፋብሪካው ለጀርመን ጦር አምርቷል፣ ከዩክሬን በግድ የተወሰዱ ሴቶችንም አሠርቷል። እውነተኛ ታሪክ እንዲህ የተደባለቀ ነው። የሐሰተኛው ታሪክ ግን አንድ ንስርና አንድ ወርቅ ቅብ ብቻ!

ወዳጃችን መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ቆይቶ ግን «ፌድ» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ያለባትን፣ ጥጓ የተጨረማመተ፣ ርካሽ ካሜራ ገዛ። ፍጥነቷን ከመቀየሩ በፊት ፊልሙን መጠምዘዝ እንዳለበት አስጠንቅቀነዋል፤ በእነዚህ ካሜራዎች ሌላው መንገድ ማሽኑን ይጎዳል። የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ሲመጣ የመዝጊያዋ ጨርቅ አርጅቶ ኖሮ ፎቶዎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው። አልተናደደም። «ቢያንስ ስሟን አልዋሸችኝም» አለ።

እናንተም በደርግ ዘመን ሞስኮ ወይም ኪየቭ ተምሮ የመጣ አጎት ካላችሁ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ አስከፍቱት። እስኪ ምን ትላለች ካሜራዋ? ከመሸጣችሁ በፊት ግን ስሟን አንብቡላት።

ቸር ይግጠመን።