ኢታኮኔትና የካዋሳኪ በሽታ

ኢታኮኔት ማክሮፋጅ የተባሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ኃይል ከሚያመነጩበት የሲትሪክ አሲድ ዑደት የሚሠሩት፣ ብግነትን የሚያረግብ ውህድ ነው። የካዋሳኪ በሽታ ደግሞ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዝ የደም ሥር ብግነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መገናኛ ብግነትን የሚያቀጣጥለው ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለው ፕሮቲን ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ከቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው። የመጀመሪያውን ታማሚ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ቶኪዮ ውስጥ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በ1967 የ50 ሕፃናትን ሁኔታ አጠናቅረው አሳተሙ። 5 ቀንና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ትኩሳት፣ መግል የሌለው የዓይን መቅላት፣ የከንፈር መሰነጣጠቅ፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር እብጠት፣ የአንገት ንፍፊት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ኩፍኝ ሊመስል መቻሉ አደገኛ ያደርገዋል፤ ሳይታከም ከቀረ ከ4 ሕፃናት በ1ዱ ገደማ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይለጠጣሉ። መንስኤው እስካሁን አልታወቀም።

ኢታኮኒክ አሲድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲትሪክ አሲድን በማሞቅ የተገኘ ነው፤ ዛሬ ለፕላስቲክ ሥራ ከሻጋታ ይመረታል። ማክሮፋጆች በባክቴሪያ ሲነቁ የሲትሪክ አሲድ ዑደታቸው መሐል ላይ ይስተጓጎላል፤ በዚህ ጊዜ አይአርጂ1 የተባለው ዘረመል የሚያስገኘው ኤንዛይም ሲስ-አኮኒቴት የተባለውን የዑደቱን ውህድ ወደ ኢታኮኔት ይለውጣል። ይህ የኤንዛይሙ ሥራ የታወቀው በ2013 ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ኢታኮኔት ኪፕ1 የተባለውን ፕሮቲን በመለወጥ ኤንአርኤፍ2 የተባለውን የመከላከያ ፕሮቲን እንደሚያነቃ አሳየ። ሕዋስ ውስጥ በቀላሉ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራው ኦክቲል-ኢታኮኔት ኢንተርሉኪን-1 ቤታን ቀንሷል። እሳቱን ያቀጣጠለው ሕዋስ ማጥፊያውንም ራሱ ማዘጋጀቱ ተመራማሪዎችን የሳበ ግኝት ነው።

ኢታኮኔት ከካዋሳኪ ጋር ያለው ዝምድና የሚታየው በዚሁ በኢንተርሉኪን-1 ቤታ በኩል ነው። የላክቶባሲለስ ኬዚ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ተዋጽኦ የተወጉ አይጦች ካዋሳኪን የሚመስል የልብ ደም ሥር ብግነት ይይዛቸዋል፤ የኢንተርሉኪን-1 መልእክት የተቋረጠባቸው አይጦች ግን ከዚህ ይድናሉ። ኢንተርሉኪን-1ን የሚያግደው አናኪንራ የተባለው መድኃኒትም መደበኛው ሕክምና ላልሠራላቸው አንዳንድ ሕፃናት ይሰጣል።

ይህ ተስፋ ግን ገና መድኃኒት አልሆነም፤ ለካዋሳኪ የተፈቀደ የኢታኮኔት መድኃኒት የለም። ኢታኮኔት የሚሠራው በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ሲትሪክ አሲድ ያለበትን ሎሚ ማጠጣትም አይተካውም። ዛሬ የሚያድነው ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ በኪሎ 2 ግራም፣ ከአስፕሪን ጋር ነው፤ በጊዜው ሲሰጥ የልብ ደም ሥር ጉዳቱን ወደ 5 በመቶ ገደማ ያወርደዋል።